ኳርትዝ የለበሰው ቤት

ሰብሌ ስልኩን ይዛ የቆመችው ጓዳ በር ላይ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች፤ ግን ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ነገር ከጩኸት ይልቅ ጆሮ ያቆማል። እትዬ ታንጉት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሊያጣፉ ሲሉ፣ ምራታቸው ሺሺንዳ ከተማ ላለችው ሴት ልጃቸው ለየሻረግ የምትነግረውን አንድ ባንድ ሰሙት። «ምን ላድርግ የሻረግ? ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸዋል። ክፍሉ አያስገባም። ፍራሹን በሳምንት ሁለቴ አወጣለሁ፣ መልሶ ያው ነው። ወንድምሽ እንዳለ፣ እናቱ ስለሆኑ አፍሮ ነው እንጂ እሱም ያውቃል። ነገ በጠዋቱ መኪና ይመጣሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ነው ብለን ነው የምንነግራቸው፣ አንቺም እንደዚያው በያቸው።» ከዚያ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችና፣ «እኔም እኮ እናት አለችኝ» አለች። ማልቀስም የቃጣት ይመስል ነበር።

እትዬ ታንጉት ነጠላው አንድ ትከሻቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አምስት ወልደው ሦስት ቀብረዋል፤ ባላቸውን ጋሽ ጣሰውንም አስታመው ቀብረዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ፊት አንገት የሚያስደፋ ነገር አልገጠማቸውም። አሁን አፈሩ። የሚገርመው፣ ባላደረጉት ነገር ነው ያፈሩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰብሌ አንሶላ ስትቀይር አፍንጫዋን በክንዷ ስትሸፍን አይተው ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ውሃ የሚባል ነገር ባፋቸው ዞሮ አያውቅም። እራታቸውን እንኳ በደረቁ ነው የሚበሉት። ጉሮሯቸው ደርቆ ያድራል፣ ፍራሹ ግን ርሶ ያድራል። «አርጅቼ ይሆን? ሳላውቀው ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን ጠርጥረዋል። ዛሬ ጠዋት ግን እጃቸውን ሰደው ፍራሹን በደንብ ዳሰሱት። የተኙበት መሀሉ ደረቅ ነው። የረጠበው ግድግዳውን የሚነካው ጠርዝ ነው። ሰው ደግሞ ምን ቢያረጅ መሀሉን ዘሎ ጠርዙን አያረጥብም።

ቀና ብለው ግድግዳውን አዩት። በዘይት ቀለም የተቀባ፣ ሲነጋ ላብ የሚያወጣ ግድግዳ ነው። ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጧል፤ በጥፍር ቢነኩት ይፈነዳል። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት። ዝናብ የመታው ጆንያ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ሲከርም የሚሸተውን ነበር የሚሸተው። ይህን ሽታ በዚህ ቤት ውስጥ አርባ ምናምን ዓመት ሲኖሩ አያውቁትም። የመጣው ቤቱ ኳርትዝ ከለበሰ ወዲህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው እንዳለ በሚሊኒየሙ ዋዜማ ከጅማ ባለሙያ አስመጣና ጋሽ ጣሰው የሠሩትን የጭቃ ቤት ዙሪያውን ሽቦ አስመታው፣ በሽቦው ላይ ሲሚንቶ አስገረፈው፣ በሲሚንቶው ላይ ኳርትዝ የሚባለውን፣ በእጅ ሲዳስሱት አሸዋ አሸዋ የሚለውን ቢጫ ቀለም አስለበሰው። ውስጡን ደግሞ ዘይት ቀለም። ዝናቡን ከግድግዳው ሁለት ክንድ አርቆ ያፈስ የነበረውን ሰፊ የቆርቆሮ ክፈፍ «የገጠር ባርኔጣ ይመስላል» ብሎ አስቆረጠው። አሥራ ስምንት ሺህ ብር ወጣበት። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ለበሰ ተባለ፣ ጅማ ለበሰ፣ ቦንጋም ለበሰ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። የአዲስ አበባው ግን ብሎኬት ነው፣ የእነሱ ጭቃ፤ ቦንጋ ደግሞ ካመቱ ስምንቱን ወር ሰማዩ የሚያፈስባት ከተማ ናት። ያኔ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ያይ ነበር፤ እትዬ ታንጉትም፣ ለምን ይዋሻል፣ ደስ ብሏቸው ነበር።

ቁርስ ላይ እንዳለ ሻዩን ከሚገባው በላይ አማሰለ። በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚባል ሹመት ያለው፣ ቢሮው ውስጥ አሥራ አንድ ሰው የሚያዝ ሰው ነው፤ እናቱ ፊት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጀመር አንድ ብርጭቆ ሻይ አለቀበት።

«እማዬ፣ የሻረግ ናፍቀሻታል። ነገ በጠዋቱ መኪና ሄደሽ ትንሽ ጊዜ አረፍ ብትይ ምን ይመስልሻል?»

«ግድግዳው ነው» አሉ እትዬ ታንጉት።

«ምኑ?»

«ፍራሹን የሚያረጥበው ግድግዳው ነው። እኔ አይደለሁም።»

ሰብሌ ዓይኗን የዳቦው ሳህን ላይ ተከለች። እንዳለ ፊቱ ቀላ፤ ስለዚህ ነገር እናቱ በአፋቸው ይናገራሉ ብሎ አልጠበቀም። ተነሥቶ የሳሎኑን ግድግዳ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገው። «ኳርትዝ እኮ ውሃ አያስገባም እማዬ። ሙያተኛው ራሱ ነው የነገረኝ።»

«አላስገባ ይሆናል። የገባውንስ ያስወጣል?»

እንዳለ ሰዓቱን አየ። ስብሰባ እንዳለበት፣ የዓመቱ ሪፖርት እንደሚጠበቅ ተናግሮ ጃኬቱን አነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ልብስሽን ሰብሌ ታዘጋጅልሻለች» አለ። ሰብሌ ሳህኖቹን የምታነሣው ድምፅ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች ነበር።

እትዬ ታንጉት ጥላቸውን ይዘው ወደ ግቢው ሲወጡ ፍራሻቸው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። የሐምሌ ፀሐይ ብቅ ያለችበትን ግማሽ ሰዓት ለመሻማት የሰብሌ ፍጥነት የሚያስመሰግን ነበር፤ ግን አጥሩ ከመንገድ በኩል ያለው አጥር ነው። ጎረቤታቸው እትዬ በዛወርቅ በሯ ላይ ቆማ ፍራሹንም እሳቸውንም አየች። «እግዜር ይማርዎት እትዬ ታንጉት» አለች፤ አንጀት በሚበላ፣ ለታመመ ሰው በሚሰጥ ድምፅ። ሠላሳ ዓመት ቡና ሲበዳደሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራቸው አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እትዬ ታንጉት «አሜን» አሉና አለፉ፤ ሌላ ምን ይላሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጥራ፤ እሳቸው ግን የሚያድሩበት ጊዜ የላቸውም፣ የሺሺንዳው መኪና ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

የሚሄዱት ወደ ጋሽ ወልደ ማርያም ነበር። ጋሽ ወልደ ማርያም ከጣሰው ጋር ሆነው ያን ቤት ያቆሙ አናጢ ናቸው፤ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ጫካው ሊጀምር ሲል ነው ቤታቸው። እትዬ ታንጉት ለአስፋልት ተብሎ የተቆፋፈረውን መንገድ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ጭቃው የላስቲክ ጫማቸውን እየጎተተ፣ ቤቶቹን ግራና ቀኝ እያዩ ሄዱ። ቢጫው፣ ሮዙ፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም ለብሶ ቆሟል። ውስጡን ለቄስ። ስንቱ ቤት ውስጥ ይሆን ፍራሽ የሚረጥበው አሉ በልባቸው፤ ስንቷ አሮጊት ይሆን በሌሊት ውሃ ጠምቷት የምታድረው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ይህን ሲያስቡ እግራቸው ሳያውቁት ቀልጠፍ አለ። ድሮ መስቀል ሊደርስ ሲል የምርጊት ቀን የሚባል ነበራቸው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ከቤቱ ጀርባ ሁለት ሳምንት ይከርማል፤ ሽታው ሰፈሩን ሁሉ ያውደዋል፣ ያ ሽታ ግን የሕይወት ሽታ ነበር። በቀኑ ጠዋት ዘመድ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ጣሰው ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ከእሱ በኋላ ወጣቱ፣ ከወጣቱ በኋላ ሕፃናቱ። አንድ ደንብ ነበር፤ የተኳረፈ ሰው አብሮ ጭቃ አይረግጥም። ሊረግጥ የመጣ ሁሉ አስቀድሞ ከተጣላው ሰው ጋር ይሳሳማል፣ አለዚያ ግድግዳው አይይዝም ይባላል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ሰፈሩ በሙሉ ይታረቅ ነበር። አንድ ዓመት እትዬ በዛወርቅና የባሏ እህት እስከ ቀትር አንታረቅም ብለው ጉድጓዱ ዳር ቆመው ቆይተው፣ ለረጋጮቹ የቀረበው የቦርዴ መጠጥ ሊያልቅ ሲል ነው የተሳሳሙት። ሲመርጉ ሴቶቹ በመዳፋቸው ያለሰልሳሉ፤ የእያንዳንዱ ሰው እጅ ግድግዳው ላይ ይታወቃል። የጣሰው አራት ጣት ሰፋ ብሎ ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። እትዬ ታንጉት ያን ሁሉ አሁን ሲያስቡት፣ ኳርትዙ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የጠፋው ሰው መሆኑ ገባቸው። ቤቱ ምርጊት አላስፈለገውም፤ ምርጊት ካላስፈለገው ማን ይመጣል? ሦስት መስቀል ሙሉ የመጣ የለም።

ጋሽ ወልደ ማርያምን ደጃፋቸው ላይ ቀፎ ሲጠግኑ አገኟቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮአቸው ግን ያልደከመ። ቤታቸው ያው የጥንቱ የጭቃ ቤት ነው፣ ክፈፉ ሰፊ፣ ግድግዳው እበት የተለቀለቀ። ከሁሉ በፊት እትዬ ታንጉት ያስተዋሉት ደረቅ መሆኑን ነው።

«ታንጉ! ምን እግር ጣለሽ?»

ተቀመጡና ለልጃቸው በግማሽ አፍ የነገሩትን ለእሳቸው በሙሉ አፍ ነገሯቸው። ፍራሹን፣ ስልኩን፣ እትዬ በዛወርቅን፣ ውሃውን። ውሃው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ለባላቸው ለቅሶ እንኳ እንዲህ አልተሰበረም ነበር። ሽማግሌው ቀፎውን አስቀመጡ። ለራሳቸው በካፊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ የሚያባብል ይሁን የሚሳደብ አይታወቅም።

«ሲመቱት ሽቦውን መጥቼ ነበር፣ ታውቂያለሽ?» አሉ በመጨረሻ። አማርኛቸው ረገጥ ረገጥ ያለ ነው። «ለእንዳለ ነገርኩት። ቤት ይጠጣል፣ ቤት ያልበዋል አልኩት። ፀሐይ ሲወጣ ጭቃው የጠጣውን ይተፋል። አፉን ከዘጋህበት የት ይትፋው? ሳቀብኝ። ኮት አለበስኩት ጋሼ አለኝ። እኔም ኮት ይወልቃል፣ ይሄ አይወልቅም አልኩና ሄድኩ።»

«ግድግዳውን ይክፈቱልኝ» አሉ እትዬ ታንጉት። «ዛሬ። በዓይናቸው ይዩት።»

ጋሽ ወልደ ማርያም አስቀድመው ቆጮና ማር አስቀረቡላቸው፤ እትዬ ታንጉት አልነኩትም። «ስሚኝ ታንጉ። እከፍተዋለሁ። ከከፈትኩት ግን መዝጋት የለም። እኔ እንደምገምተው እንጨቱ ሄዷል፤ ቤቱን አሁን የያዘው ያ ሽቦና ሲሚንቶ ነው። ዝም ካልሽው አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት ይቆማል። አንቺ ሺሺንዳ ትሄጃለሽ፣ ቤቱ ደግሞ ቆሞ ይታያል። ከከፈትኩት ግን ጣሰው የሠራው ቤት አለቀ። የቱ ይሻልሻል?»

እትዬ ታንጉት ጫካውን አዩ። አምስቱን ልጆች የወለዱት እዚያ ቤት ነው። ጣሰው የጥቁር እንጨቱን ቋሚ ከዚህ ጫካ በትከሻው ሲያወርድ ትከሻው ቆስሎ፣ ቅቤ የቀቡለት እሳቸው ነበሩ። ያን ቤት በገዛ እጃቸው ሊያፈርሱት ነው። ከዚያ ደግሞ የሺሺንዳውን ቤት አሰቡ፤ የየሻረግ ልጆች ከአያታቸው ራቅ ብለው ሲቀመጡ፣ ላስቲክ ከአንሶላው ሥር ሲነጠፍ፣ ሲሞቱም ለቀስተኛው ጆሮ ለጆሮ «መቼም መጨረሻቸው...» ሲባባል። ቤት ይሠራል፤ ካልተሠራም ይከራያል። ያ ስም ግን በምን ይነሣል?

«ይከፈት» አሉ።

ሽማግሌው መሮና መዶሻቸውን በጆንያ ጠቅልለው ተነሡ። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዛቸው፤ በአንድ ጥላ ሁለት ሆነው እየረገጡ፣ የሚያውቋቸው ሁሉ «የት ነው ጉዞው?» እያለ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ደረሱ። ሰብሌ አማቷን ከአናጢ ጋር ስታይ ስልኳን አነሣች፤ እንዳለም ስብሰባውን አቋርጦ በባጃጅ መጣ። የእናቱ ሻንጣ ታስሮ ሳሎኑ መሀል ቆሟል።

«ጋሽ ወልደ ማርያም፣ ይሄ እኮ በእርስዎ የሚታይ አይደለም። ሲሚንቶ ነው» አለ እንዳለ፣ እየተለሳለሰ።

«አንተን የማውቅህ ጭቃ ስትረግጥ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሻማውን ያዝልኝ፣ መብራት ሄዷል።»

አልጋውን ሳቡት። ጋሽ ወልደ ማርያም ከላይ ጀምረው ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ እያንኳኩ ወረዱ። ላይ ላዩ ይጮኻል። ወገብ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ወፈረ። ከጉልበት በታች ድምፅ የሚባል ጠፋ። መሮውን እዚያ ላይ አሳርፈው አንድ ጊዜ ብቻ መቱት፤ ሌላ አላስፈለገም። ዘይት ቀለሙ እንደ ቆዳ ተገሸለጠ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኖ ተንሸራቶ አልጋው ሥር ተዘረገፈ፤ ከጭቃው ኋላ ቀጭን የውሃ ክር ወለሉ ላይ ወረደ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ያው ሽታ ነው፣ ሦስት ሳምንት አሮጊቷን የከሰሰው። ጋሽ ወልደ ማርያም ሻማውን አስጠግተው ቋሚውን አሳዩ። ነጭ እንጉዳይ በቅሎበታል። አውራ ጣታቸውን ሲያስገቡት እስከ አንጓው ሰመጠ።

እትዬ ታንጉት ጎንበስ ብለው የወደቀውን ጭቃ አዩት። ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉ አራት ጣቶች ይፈልጉ ነበር። ምንም የለም። ውሃው አጥቦታል።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እትዬ ታንጉት አልጋው ላይ ተቀመጡና፣ «ውሃ ስጡኝ» አሉ። ሰብሌ ሮጣ አመጣች። አንዱን ብርጭቆ ጠጡ፤ «ድገሚኝ» አሉ፤ ሁለተኛውንም ጠጡ። «ሦስት ሳምንቴ ነው» አሉ ብርጭቆውን ሲመልሱ፣ «በዚህ ሰዓት ውሃ ከጠጣሁ።» ሰብሌ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች፤ ነጠላዋም ጭቃው ላይ ተነከረ።

እንዳለ ግን የሥራ ሂደት ባለቤት ነው፤ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያስበው እንዴት እንደሚታይ ነው። ዓይኑ ረጥቧል፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። «በቃ እማዬ፣ አየነው። ቁም ሳጥኑን እናስጠጋበታለን፣ ከውጭ ምንም አይታወቅም። ክረምቱ ሲወጣ በደንብ አሠራዋለሁ። አንቺ እስከዚያው የሻረግ ጋ...»

እትዬ ታንጉት ተነሡ። ጥላቸውን ሳይዙ በሳሎኑ አልፈው፣ ሻንጣቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ ወደ ደጅ ወጡ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ከመንገድ በኩል ያለው፣ ሁሉ ቆሞ ያየው የነበረው ቢጫው ግድግዳ ፊት ቆሙና እጃቸውን ጣሉበት።

«ጋሼ፣ ይሄንንም» አሉ።

«ይሄ ከመንገድ ይታያል እኮ እማዬ!» አለ እንዳለ ከኋላቸው።

«ይታይ።»

ጋሽ ወልደ ማርያም እንዳለን አዩት። ከተራ የቤት ባለቤት ፈቃድ የሚጠይቁ ቢሆኑ ኖሮ እሱን ይጠይቁ ነበር፤ ቤቱን ግን ለማን እንደሠሩት ያውቃሉ። እንዳለ በሩ ውስጥ ቆሞ፣ ሻማው እጁ ውስጥ ሳይጠፋ፣ የሚያልፈውን ሰው ይቆጥር ነበር።

ያኔ ነው ሰብሌ ከውስጥ የወጣችው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ፊቷን አልጠረገችም። በባሏ ጎን አለፈች፣ በአማቷ ጎን አለፈች፣ ቀጥ ብላ አጥሩ ጋ ሄደችና ጠዋት ስልክ ላይ ዝቅ ያደረገችውን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«እትዬ በዛወርቅ! እስኪ አንድ ጊዜ ይምጡ!»

እትዬ በዛወርቅ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። መንገደኛውም ቆም ቆም አለ።

«ግድግዳችን በስብሶ ነው» አለች ሰብሌ፣ ለእሷም ለመንገደኛውም። «እማዬ አልነበሩም። እሳቸው ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሐሰት ነው ያልኩት። ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።»

ጋሽ ወልደ ማርያም መሮውን ኳርትዙ ላይ አሳረፉ።